አባ ጨጓሬን ፍለጋ ውቅያኖስ የተሻገረች ሊቅ

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ትልና ነፍሳት ከጭቃና ከብስባሽ ያለ ወላጅ ይፈልቃሉ የሚለው ከአርስጣጣሊስ ዘመን ጀምሮ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ትምህርት በአውሮፓ ሕዝብ ዘንድ ገና ጸንቶ ሳለ፣ አባ ጨጓሬም እንደ ርኩስ ፍጥረት በሚታይበት ጊዜ፣ በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ የሐር ትሎችን ቅጠል እየመገበች፣ ቆዳቸውን ሲገፉ፣ ራሳቸውን በክር ጠቅልለው ሲተኙ፣ በኋላም ክንፍ አውጥተው ሲነሡ በትዕግሥት ትከታተል ነበር። ይህች ልጅ ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን ናት።

ማሪያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኤፕሪል 2 ቀን 1647 ስትወለድ፣ አባቷ ማቴዎስ ሜሪያን በመዳብ ላይ ሥዕል በመቅረጽና መጻሕፍት በማሳተም ስሙ የታወቀ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ሦስት ዓመት ሲሆናት ዐረፈና እናቷ ያዕቆብ ማሬል የሚባል የአበባ ሠዓሊ አገባች፤ እርሱም የቀለምን ሞያ አስተማራት። ሠዓሊነቱን እንዲህ ከቤት ብታገኘውም፣ ወደ ምርምር የመራት መምህር አልነበረም፤ የዩኒቨርሲቲ በር ለሴቶች ዝግ ነበርና፣ ትምህርት ቤቷ ዐጸዱና መስኩ ሆነ።

በ18 ዓመቷ ሠዓሊውን ዮሐንስ አንድሬያስ ግራፍን አግብታ ወደ ኑረምበርግ ከሄደች በኋላም፣ ሁለት ሴቶች ልጆች እያሳደገች፣ ለልጃገረዶችም ሥዕል እያስተማረች፣ ትሉን ከነቅጠሉ ከአትክልት ቦታ እየለቀመች በቤቷ ትቀልብ ነበር። ጣሊያናዊው ሬዲ በ1668 ትል ከዝንብ እንቁላል እንጂ ከበሰበሰ ሥጋ እንደማይወለድ በፈተና አሳይቶ ነበር፤ የማሪያ ድርሻ ግን ሌላ ነው። ብዙዎች ቢራቢሮን አድርቀው፣ በመርፌ ወግተው፣ በሣጥን ደርድረው ሲመለከቱ፣ እርስዋ በ1679 ባሳተመችው፣ 50 ሥዕሎች ባሉት የመጀመሪያ የአባ ጨጓሬ መጽሐፏ፣ እንቁላሉን፣ ትሉን፣ በድር የተጠቀለለውንና ክንፋሙን ከሚመገቡት ተክል ጋር በአንድ ገጽ አስማምታ ሣለች፤ ጽሑፉንም የሊቃውንት ልሳን በነበረው በላቲን ሳይሆን ሕዝቡ በሚናገረው በጀርመንኛ አዘጋጀችው።

ከባሏ ተለይታ፣ እናቷንና ልጆቿን ይዛ፣ በፍሪስላንድ ሀብታቸውን የጋራ አድርገው በምናኔ ይኖሩ ከነበሩት የላባዲስት ማኅበርተኞች ዘንድ ጥቂት ዓመታት ከተቀመጠች በኋላ፣ በ1691 አምስተርዳም ገባች። በዚያም ከሩቅ አገር የመጡ ቢራቢሮዎችን በባለጸጎች ሣጥን ደርቀው ባየች ጊዜ፣ ከምን እንደ ተወለዱና ምን እየበሉ እንዳደጉ የሚነግራት ሰው ስላጣች፣ ራሷ ሄዳ ለማየት ቆረጠች።

ስለዚህ በ1699፣ በ52 ዓመት ዕድሜዋ፣ ሥዕሎቿን ሸጣ ባገኘችው ገንዘብ፣ ታናሽ ልጇን ዶሮቴያን አስከትላ በደቡብ አሜሪካ ወደምትገኘው የሆላንድ ቅኝ ግዛት ወደ ሱሪናም ተሻገረች። የሸንኮራ አገዳ ባለርስቶች ከስኳር በቀር ሌላ ነገር የምትፈልገውን ሴት ይሳለቁባት እንደ ነበር እርስዋው ጽፋለች። በእሾህና በአሜከላ በተዘጋው ዱር መንገድ የተጠረገላት በባሮች እጅ በመሆኑ፣ የዘመኑ ኃጢአት እርስዋንም ሳይነካት እንዳልቀረ አንሰውርም፤ ዳሩ ግን የተገፉትን ቃል በመጽሐፏ ማስፈሯን ደግሞ መመስከር ይገባል፤ ባሮች የሆኑ ሴቶች ልጆቻቸው ባርነትን እንዳይወርሱ በማለት የአንድ አበባ ፍሬ ወስደው ፅንስ እንደሚያስወርዱ ከራሳቸው አፍ ሰምታ ጽፋለችና። ሁለት ዓመት ያህል ከሠራች በኋላ ሕመም ቢጸናባት በ1701 ወደ አምስተርዳም ተመለሰች።

የዚህ ድካም ፍሬ የሆነው፣ 60 ታላላቅ ሥዕሎች ያሉት የሱሪናም ነፍሳት መጽሐፍ በ1705 በሆላንድኛና በላቲን ታተመ፤ ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኔዎስም ለፍጥረታት ስም ሲያወጣ ሥዕሎቿን በምስክርነት ጠቅሷል። ሸረሪት ወፍ ስትበላ የሚያሳየውን ሥዕል በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንዳንዶች እንደ ተረት ቆጥረው ነቀፉት፤ ነገር ግን እንግሊዛዊው ሄንሪ ቤትስ በአማዞን ዱር ይህንኑ በዓይኑ ማየቱን በ1863 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ መሰከረ ሥዕሏ ተረት አለመሆኑ ታወቀ። እርስዋ ግን ጃንዋሪ 13 ቀን 1717 በአምስተርዳም ዐርፋ ነበር፤ የሩስያው ንጉሥ ታላቁ ጴጥሮስም በዚያው ዓመት ከሥዕሎቿ ብዙዎቹን አስገዝቶ ወደ አገሩ ወሰደ።

ከማሪያ ሕይወት የምናገኘው ፍሬ ነገር፣ ዕውቀት የሚጀምረው ሌላው የተጸየፈውን ፍጥረት በመኖሪያው ጎንበስ ብሎ ከማየት መሆኑ ነው። እንግዲህ ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ልጆቻችሁ በክረምት ከአጥር ሥር አባ ጨጓሬ አግኝተው ቢጠይቋችሁ፣ ጠጉሩ ያሳክካልና በእጃቸው እንዳይነኩት አስጠንቅቃችሁ፣ በየትኛው ቅጠል ላይ እንደሚኖርና ወደ ምን እንደሚለወጥ እየተከታተሉ እንዲጽፉ ፍቀዱላቸው።