ይወልወል ወይስ ይተው?

በቤታችን ክርክር ከተነሣ ሁለት ወር ሊሞላው ነው። ምክንያቱ አንድ ኪሎ እንኳ የማይሞላ ብረት ነው፤ ከቅድመ አያቴ የወረስነው፣ ከበሮው እየተሽከረከረ ስድስት ጥይት የሚተፋ የጣሊያን ሽጉጥ። ይተፋ የነበረ ማለት ይሻላል። የውስጡ ሞላ ከተሰበረ ስንት ዘመኑ! ጥይቱንማ በዓይኑ ያየ ሰው በቤታችን የለም። አጎቴ ሽጉጡን ወደ ብረታ ብረት ሠራተኛ ወስዶ፣ በሞተር አስወልውሎ፣ ኒኬል አስነክሮ፣ በመስተዋት ሣጥን አድርጎ ሳሎን ውስጥ ከቅድመ አያታችን ፎቶግራፍ ሥር ሊሰቅለው ቆርጧል። እኔ ደግሞ «አይነካም» ብዬ ተነሣሁ። አያቴ (የአባቴ እናት ናቸው፤ እኛ «ዓባየ» ነው የምንላቸው) በመካከላችን ተቀምጠው ቡናቸውን ይጠጣሉ።

«የጀግና ሽጉጥ ዝገት ለብሶ ይቀመጥ ነው የምትለው?» ይላል አጎቴ። «እናንተ የተማራችሁት ደግሞ ቆሻሻ ማምለክ ጀመራችሁ እንዴ?»

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ የማቀርበው በቂ መልስ አልነበረኝም። የታሪክ ተማሪ ነኝ ባይ ሁሉ አሮጌ ነገር ሲነካ ቅር ይለዋል፤ ቅር መሰኘት ግን ክርክር አይሆንም። ስለዚህ ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ ልመርምር ብዬ ተነሣሁ፤ ምርመራው ካሰብኩት በላይ ርቆ ወሰደኝ።

ሽጉጡ የጣሊያን ጦር እ.ኤ.አ. በ1889 የተቀበለው፣ «ቦዴዮ» እየተባለ የሚጠራው ዓይነት ነው። የጥይቱ ውፍረት 10.35 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለት መልክ ነበረው፤ ለተራው ወታደር የተሠራው ምላጩ የሚታጠፍና መከለያ የሌለው ሲሆን፣ የመኮንኑ ግን ምላጩ በቀለበት የታጠረ ነው። የኛው ባለ ቀለበቱ ነው። ቤተሰባችን «ከጣሊያን መኮንን እጅ የወጣ» ሲል እስከዚህ ድረስ አልተሳሳተም ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ትረካ ግን እንዲህ ይላል፤ ቅድመ አያታችን በእንዳኢየሱስ ከበባ ላይ ተገኝተው ከማጆር ጋሊያኖ መኮንኖች አንዱን ማርከው ሽጉጡን ወሰዱ። ልጅ ሳለሁ ይህን ስሰማ ደረቴ ይነፋ ነበር። ቦታውም እኮ ሩቅ አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲያችን ዋና ግቢ ዛሬ በስሙ የሚጠራበት ያው እንዳኢየሱስ ነው።

ታሪኩን እናስታውስ። ኅዳር 28 ቀን 1888 ዓ.ም. ማጆር ቶዜሊ አምባ አላጌ ላይ ከነጦሩ ከተደመሰሰ በኋላ፣ ጣሊያኖች በእንዳኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በሠሩት ምሽግ ጋሊያኖን ከ1,000 ከሚበልጥ ወታደር ጋር ትተው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ከወታደሩ የሚበዛው አስካሪ ነበር። የኢትዮጵያ ጦር በቀጥታ ምሽጉን ለመስበር ቢሞክርም በመትረየስና በመድፍ ብዙ ሰው አለቀበት። ምንጩ ግን ከምሽጉ ውጭ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ምንጩ እንዲያዝ መከሩ፤ ምንጩ ተያዘ፤ መድፍ ያልፈታውን ጥማት ፈታው። በጥር ወር ጋሊያኖ ምሽጉን ለቀቀ።

እንዴት ለቀቀ? እዚህ ላይ ነው የቤተሰባችን ትረካ የሚሰናከለው። ዐፄ ምኒልክ ጋሊያኖንና ወታደሮቹን ከነመሣሪያቸው እንዲወጡ ፈቀዱላቸው፤ ራስ መኰንንም አጀቧቸው። እንግዲህ ምሽጉ ሲለቀቅ የጋሊያኖ መኮንኖች ሽጉጣቸውን እንደታጠቁ ነው የሄዱት። ይህን ለአጎቴ ስነግረው ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ዓድዋ ላይ ነዋ!» አለ። አባባሉ ከንቱ አልነበረም፤ ጋሊያኖ ራሱ የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ሞቷል፤ ከዚያ ጦር የተማረከው መሣሪያም የትየለሌ ነው።

አንድ ማታ ግን ሽጉጡን በእጅ ባትሪ እያበራሁ፣ በስልኬ ካሜራ እያጎላሁ ጎኑን ስመረምር፣ ከዝገቱ ሥር የተመታ ጽሑፍ አገኘሁ። በላቲን ፊደል «ብሬሻ» ይላል፤ የመሣሪያ ፋብሪካዎች ያሉባት የሰሜን ጣሊያን ከተማ ናት። አጠገቡ የመሣሪያው ቁጥር አለ። ከቁጥሩ ቀጥሎ ደግሞ ዓመተ ምሕረቱ፤ 1916።

1916 በፈረንጅ አቆጣጠር ማለት ዓድዋ ካለፈ 20 ዓመት ማለት ነው። የመጀመሪያው ዓለም ጦርነት ተፋፍሞ የጣሊያን ፋብሪካዎች ሌት ተቀን የሚሠሩበት ዘመን ነበር። አጎቴ «በኛ አቆጣጠር ቢሆንስ?» አለ። ብሬሻ ላይ በኛ አቆጣጠር የሚመታ ፋብሪካ መኖሩ ቢቀር እንኳ፣ እንደሱ ከሆነማ ሽጉጡ ጭራሽ ሰባት ስምንት ዓመት ይወጣትና ከዓድዋ የባሰ ይርቃል። «ክፍሉ ተቀይሮ ይሆናል» አለ ቀጥሎ። ዓመቱ የተመታው ግን በዋናው ገላ ላይ ነው። አጎቴ ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ ኒኬሉን የፈለገው በፊት ከነበረው በበለጠ ፍላጎት እንደሆነ ታዘብኩ።

ይህን የምለው እሱን ለማማት አይደለም፤ ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ስለሆነ ነው። ኒኬል ዝም ብሎ በዝገት ላይ አይያዝም። ብረቱ መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀትና በሞተር እየተፋቀ መስተዋት እስኪመስል ድረስ ይላጣል። ሲላጥ ጠርዙ ይዶለዱማል፤ ጥልቀት የሌለው ጽሑፍ ይጠፋል፤ ከጽሑፉ ጋር 1916 ይሄዳል፤ 1916 ከሄደ ዓድዋ ተመልሶ ይመጣል። በዚያ ላይ የመሣሪያው ቁጥር አብሮ መጥፋቱ አለ። የጦር መሣሪያ ጉዳይ ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ ነው፤ ቁጥሩ የተፋቀ ሽጉጥ ደግሞ የቱንም ያህል ቢያብለጨልጭ በየትኛውም አገር ባለቤቱን ያስጠረጥራል።

መቼም በመሣሪያ ላይ ያለ ጽሑፍ ምን ያህል እንደሚናገር ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ንግሥት ቪክቶሪያ የሰጠቻቸው ነበር። ይህ የታወቀው በሽጉጡ ላይ ባለው የብር ጽላት ነው፤ ለአገልጋይዋ ለፕላውደን ስላደረጉት ደግነት የምስጋና ስጦታ መሆኑ ተጽፎበታል። ያ ጽላት ተነቅሎ ቢሆን ኖሮ ሽጉጡ ሽጉጥ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር።

እሺ፣ ዓድዋ ካልሆነ የት ነው? በ1916 የተሠራ የጣሊያን ሽጉጥ መቀሌ ለመድረስ መንገድ አይቸግረውም። ቦዴዮ እስከ ሁለተኛው ዓለም ጦርነት ድረስ ከጣሊያን ጦር እጅ አልወጣም። ጣሊያን ተመልሶ መጥቶ ጥቅምት 1928 መቀሌን ያዘ፤ በየካቲት አምባ አራዶምና ተምቤን፣ በመጋቢት ማይጨው ሆነ። በአምስቱ ዓመት አርበኛው ከጠላት እየነጠቀ ነው የታጠቀው። ግንቦት 1933 የአኦስታው መስፍን አምባ አላጌ ላይ እጁን ሲሰጥ የጣሊያን መሣሪያ በየገበሬው ጎጆ ገባ፤ በ1935ና በ1936 የወያኔ አመፅ ጊዜ ገበሬው ይዞት የወጣው መሣሪያም በብዛት ያው ነበር። ከነዚህ በአንዱ መጥቶ ከሆነ ደግ ነው፤ ማንም አያፍርበትም።

ሌላም መንገድ አለ። ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ ጣሊያን ሲገቡ ብቻቸውን አልገቡም። ጣሊያን ለባንዳ አለቆች መሣሪያ ይሰጥ ነበር። ሰጪው መኮንን፣ ተቀባዩ የኔ ቅድመ አያት ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

በመጨረሻ ዓባየን ጠየቅኳቸው። ሽጉጡ የአባታቸው ነውና መጀመሪያ መጠየቅ የነበረባቸው እሳቸው ነበሩ፤ ነገር ግን እኛ ሁለት ወር ሙሉ በራሳቸው ላይ ተጨቃጨቅን እንጂ አልጠየቅናቸውም። በትግርኛ የነገሩኝን ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ነው።

«አባቴ በዓድዋ ጊዜ ገና አልተወለደም ነበር፤ ምን ዓድዋ ዓድዋ ትላላችሁ?»

«ታዲያ ዓባየ፣ ለምን ዝም አሉን?»

«ደስ ሲላችሁ አየሁና ተውኳችሁ።»

«እሳቸው ራሳቸው ከየት አመጣሁት ይሉ ነበር?»

«ከጣሊያን ነው ይል ነበር።»

«ከጣሊያን ማርኬ ነው? ወይስ ጣሊያን ሰጥቶኝ?»

ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «ከጣሊያን ነው ብቻ ነው ያለው። አንተ ብትሆን አባትህን እንዲህ ብለህ ትጠይቅ ነበር?»

እንግዲህ ሰውየው አልተናገሩም፤ የቀረው ብረቱ ነው። ብረቱ ምን ይላል? አፈሙዙ ጫፍ ላይና በከበሮው ጠርዝ ላይ ጥቁሩ ቀለም ተልጦ ብረቱ ነጥቷል። ይህ ከቆዳ ማኅደር በየቀኑ ሲወጣና ሲገባ የሚመጣ መላላጥ ነው፤ ለጌጥ ተሰቅሎ የኖረ ሽጉጥ እንዲህ አይሆንም። የእንጨት እጀታው በመዳፍ ላብ ለስልሷል። በግራ በኩል በጩቤ ጫፍ የተቀረጸች ትንሽ መስቀል አለች፤ የፋብሪካ ሥራ አይደለችም። ይህ ሁሉ «ማርኬ» ወይም «ተሰጥቶኝ» አይልም፤ ነገር ግን አንድ ሰው ይህን ነገር ዓመታት ታጥቆት እንደኖረ ይናገራል። ምናልባት ወደፊት ከኔ የተሻለ የሚያነብ ይመጣ ይሆናል፤ የሚያነበው ነገር ከተረፈለት።

ቀዩ ዝገትስ? እሱ የአያቶቻችን አይደለም፤ የኛው ነው። ኅዳር 1913 ጦርነቱ መቀሌ ሲደርስ ዓባየ በሌሊት ሽጉጡን ዘይት በነካ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በማዳበሪያ ከረጢት አሥረው፣ ከጓሮው በለስ ሥር ቀበሩት። የተሰበረም ቢሆን ሽጉጥ ሽጉጥ ነው፤ በፍተሻ ቢገኝ ማን ይሰማቸዋል? ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ በ1915 ነው ቆፍረን ያወጣነው። ከረጢቱ ተቀዶ ስለነበር አፈር የነካው የግራ ጎኑ ተበላ። አጎቴ ዝገቱን አይቶ ፊቱን የሚያዞረው ስለ ንጽሕና ብቻ እንዳልሆነ እኔም አውቃለሁ፤ እነዚያን ሁለት ዓመታት ሳሎን ውስጥ ሰቅሎ ማየት የሚፈልግ የለም።

ሆኖም ዝገትን እንዳለ መተውም ስሕተት ነው፤ በዚህ እኔም ተሳስቼ ነበር። ቀዩ ዝገት አያርፍም፤ እርጥበት እየሳበ ወደ ውስጥ ይበላል፤ ዛሬ ያዳንኩትን 1916 ከዓመታት በኋላ ራሱ ይውጠዋል። ሲመረመር የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። የድሮ ጠመንጃ ሠሪዎች ብረትን የሚያጠቁሩበት አንዱ መንገድ ሆን ብሎ ማዛግ ነበር፤ በስሱ ያዝጉታል፣ በውሃ ይቀቅሉታል፣ ቀዩ ወደ ጥቁር ይለወጣል፣ ይቦርሹታል፣ እንደገና ያዝጉታል። ቆንጆው ጥቁር ቀለም ራሱ የተገራ ዝገት ነው። ስለዚህ የኛንም ቀይ ዝገት በመቀቀል ማርጋት ይቻላል፤ ሳይላጥ፣ ሳይፋቅ፣ ጽሑፉ ሳይነካ።

ይህን ይዤ ለሁለቱም ሐሳብ አቀረብኩ። አጎቴ «ሽጉጥ እንደ ድንች ይቀቀላል?» ብሎ እስኪበቃው ሳቀ። ከሳቀ በኋላ ግን ከመኪና ዕቃ መሸጫ የተጣራውን የባትሪ ውሃ (አሲዱን አይደለም!) ገዝቶ ያመጣው እሱ ነው። የእንጨት እጀታውን ፈታን፤ ዓባየ የማይፈልጉትን ድስት ሰጡን፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ተንተከተከ። ሲወጣ ቀዩ ጠቁሯል። በለስላሳ ብሩሽ የተላቀቀውን ብቻ ጠርገን፣ በደንብ አድርቀን፣ በልብስ ስፌት መኪና ዘይት አሸነው። አያብለጨልጭም። የተበላው ተበልቶ፣ የተላጠው ተልጦ እንዳለ ነው፤ 1916 ግን አሁን ያለ መብራት ይነበባል።

የመስተዋት ሣጥኑን ነገር ተስማማን። ከሥሩ የሚለጠፈውን ወረቀት እንድጽፍ ለኔ ተሰጠኝ። የሽጉጡን ዓይነት፣ የተሠራበትን ከተማና ዓመት፣ የባለቤቱን ስም፣ ከ1913 እስከ 1915 ዓ.ም. ከበለስ ሥር መቀበሩን ጻፍኩ። አጎቴ አንብቦ «ዓድዋስ?» አለ። ስለማይሆን ተከራከርን። በመጨረሻ «በቤተሰቡ ዘንድ ከዓድዋ የመጣ ነው ይባል ነበር» የሚል መስመር ጨመርኩ፤ ይባል መባሉ እውነት ነውና። «ይባል ነበር» የሚለው እንዲወጣ ይፈልጋል። ዓባየ ደግሞ «ከጣሊያን ነው» ብለህ ብቻ ጻፍ ይሉኛል። ወረቀቱ እስካሁን አልተለጠፈም።