ጉድባውና ቆፋሪው
ከመሬት በታች ውኃን የመከላከል ሥራ ታሪክና የሠራተኛው ደኅንነት

ከቦንጋ ወደ ማንኪራ የሚወስደውን መንገድ በክረምት የተጓዘ መሐንዲስ፣ ስለ ውኃና ስለ ዐፈር ከመጻሕፍት የማይተናነስ ትምህርት ያገኛል። የቡና መገኛ ተብሎ በሚነገርለት በዚህ ደን አካባቢ ቀዩ ዐፈር ዝናቡን ጠጥቶ ይከብዳል። ትናንት ቀጥ ብሎ የቆመ የጉድጓድ ግድግዳ ዛሬ ሳይታሰብ ሊናድ ይችላል።

የካፋ ሰው በዚህ ዐፈር ውስጥ መቆፈርን ከጥንት ጀምሮ ያውቃል። የካፋ ነገሥታት ድንበራቸውን በጥልቅ ጉድባና በጥበቃ በሮች ያስከብሩ እንደነበር በታሪክ ተመዝግቧል፤ መንግሥታቸውም በ1889 ዓ.ም. እስከተጀመረው ዘመቻ ድረስ ነፃነቱን ጠብቆ ኖሯል። የመጨረሻው ንጉሥ የጋኪ ሸሮቾ ስም እስከ ዛሬ ይወሳል። ጉድባውን ሲቆፍር ዐፈር የተጫነው ሰው ቢኖር ግን ስሙን ያቆየለት የለም።

በላሊበላም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ከአለት የተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ከመሬት ወለል በታች የቆሙ እንደመሆናቸው፣ ጠቢባኑ በዙሪያቸው የቆፈሯቸው ጉድባዎችና ቦዮች የዝናቡን ውኃ እየመሩ ያስወግዳሉ። ትውፊቱ ሰዎች ቀን ሲሠሩ መላእክት ሌሊት ያግዟቸው ነበር ይላል። የሥራው ክብር ለንጉሡና ለመላእክቱ ሲሰጥ፣ መሮ የጨበጠው ሰው የደረሰበት ጉዳት ሳይነገር ቀርቷል።

ሬንጅም ቢሆን የዛሬ ግኝት አይደለም። በኢንዱስ ሸለቆ በሞሄንጆ ዳሮ የተገኘው ታላቅ መታጠቢያ፣ ከ4,000 ዓመታት በፊት ውኃ እንዳያሳልፍ በሬንጅ ተለብጦ ነበር። ይሁን እንጂ ሬንጅ ብቻውን መድኃኒት አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1954 በተደረገ ጥገና ከላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት አንዳንዶቹ ሬንጅና ቀይ ቀለም ተቀብተው ነበር፤ በ1960ዎቹ ማብቂያ ግን በኢጣሊያዊው አርክቴክት በሳንድሮ አንጄሊኒ የተመራው ቡድን ያንን ልባስ ማስወገድ ግድ ሆነበት። መውጫ ያልተበጀለትን ውኃ መሸፈን ችግሩን ከመሰወር አያልፍምና።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት፣ ውኃን ከመከልከል በፊት መምራት እንደሚገባ ነው። በ3 ሜትር ጥልቀት የተጠራቀመ ውኃ የግድግዳውን ግርጌ በካሬ ሜትር 3 ቶን ያህል ይገፋል። ግድግዳውን የሚያድነው ይኸው ቅደም ተከተል ሠራተኛውንም ያድነዋል። የጎርፉ ውኃ አስቀድሞ በቦይ ከተቀየሰ፣ የጉድጓዱ ጎን በተዳፋት ከተቆረጠ ወይም በጠንካራ ድጋፍ ከተያዘ፣ የተቆፈረውም ዐፈር ከጉድጓዱ አፍ ከራቀ፣ ሬንጅ የሚቀባው ሰው የሚሠራው በደረቅና በጸና ስፍራ ነው። አንድ ሜትር ኩብ እርጥብ ዐፈር 2 ቶን ያህል ስለሚመዝን፣ ከተናደ በኋላ በአካፋ ለመድረስ የሚደረገው ሩጫ ብዙ ጊዜ ይዘገያል።

ዘመናችን ደግሞ የጥንቱ ቆፋሪ የማያውቀውን አደጋ ጨምሯል። የቀዝቃዛ ሬንጅ ማቅጠኛ ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጉድጓዱ ወለል ላይ ይተኛል፤ ራስን ያስታል፣ በአንዲት የሲጋራ ፍምም ይቀጣጠላል። በፈላ ሬንጅ ውስጥ የገባ ጥቂት ውኃ ሬንጁን አረፋ አድርጎ ከበርሜሉ ያስወጣዋል። ይህ ጸሐፊ በአንድ የውኃ ማጠራቀሚያ ሥራ ላይ የቤንዚን ፓምፕ ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ሲሠራ አይቷል። የሞተሩ ጭስ አንዱን ሠራተኛ ጣለው፤ ጓደኛውም ሊያነሣው ወርዶ አጠገቡ ወደቀ። ሁለቱም በገመድ ተጎትተው ነፍሳቸው ተረፈች። ከዚያ ቀን በኋላ ሞተሩ ከላይ ቆመ፤ አየር በማራገቢያ ይገባ ጀመር፤ ገመድ የያዘ ጠባቂም ከጉድጓዱ አፍ አልተለየም። ለዚህ ሁሉ የወጣው ገንዘብ ከሬንጁ ዋጋ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነበር።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ፣ የአደጋ መከላከያም እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ይሁን እንጂ አዋጁ ጉድጓድ ውስጥ የሚወርደው በመሐንዲሱ እጅ ነው። የአየር ማስገቢያና የግድግዳ ድጋፍ በሥራ ዝርዝርና በዋጋ ማቅረቢያ ላይ ራሱን የቻለ መሥመር ካልተሰጠው፣ ተቋራጩ በመጀመሪያ የሚቀንሰው እርሱን ነው።

በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ ከመቀመጫ ከተሞቹ አንዷ ሆናለች። ከተማ ሲያድግ መሠረቱም ይጠልቃል፤ በዚያ ቀይ ዐፈር ውስጥ ገና ብዙ ጉድጓድ ይቆፈራል። የጥንቶቹ ቆፋሪዎች ስም አልተጻፈም። የእኛዎቹ ግን በየጠዋቱ በሥራ መቆጣጠሪያ መዝገብ ላይ ይሰፍራሉ። ጠዋት የተጻፈው ስም ሁሉ ማታ በሰላም መውጣቱን አረጋግጦ መፈረም የሙያችን ግዴታ ነው።