የዋተርሉፕሌይን ቅዳሜ

በአምስተርዳም ከተማ እምብርት፣ ከማዘጋጃ ቤቱና ከኦፔራው ሕንፃ ጎን፣ ዋተርሉፕሌይን የሚባል የአሮጌ ዕቃ ገበያ አለ። የወታደር ካፖርት፣ የተጫረ ሸክላ፣ ሰንሰለቱ የወለቀ ብስክሌት፣ ከማን ቤት እንደወጣ የማይታወቅ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ሳይቀር ተደባልቆ ይሸጣል። መንገደኛው የሚስቅበት ነገር አያጣም። ገበያው ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ይቆማል፤ እሑድ ዝግ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት ግን ዝግ የነበረው ቅዳሜ ሲሆን፣ እሑድ የደራ የገበያ ቀን ነበር።

ቦታው ቀድሞ ውኃ ነበር። በ1882 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሁለት ቦዮች ተደፍነው አደባባይ ሆኑ። በአካባቢው ጠባብ ጎዳናዎች በጋሪ ይነግዱ የነበሩትን ድኻ አይሁዳውያን የከተማው አስተዳደር ወደዚያ እንዲዛወሩ አስገደዳቸው። ከ1893 ጀምሮ ገበያው ከሰንበታቸው ከቅዳሜ በስተቀር በየዕለቱ ይቆም ጀመር። ጨርቅ ለቃሚው፣ ብረት ሰብሳቢው፣ እኛ ልዋጭ የምንለው ዓይነት ነጋዴ ሁሉ፣ ባለጸጋው የጣለውን እየጠገነ ለድኻው ይሸጥ ነበር። በዚያው ሠፈር ይኖር የነበረው ታላቁ ሠዓሊ ሬምብራንት በ1656 ከስሮ ንብረቱ ለሐራጅ መቅረቡን ላስታወሰ፣ አሮጌ ዕቃና ይህ አካባቢ የቆየ ዝምድና አላቸው።

ናዚዎች ሆላንድን በ1940 ወረሩ። ፌብሩዋሪ 22 እና 23 ቀን 1941፣ ማለትም በሰንበቱና በገበያው ቀን፣ ከ400 በላይ አይሁዳውያን ወጣቶች ከሠፈሩ ታፍሰው ተወሰዱ፤ በሕይወት የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በሦስተኛው ቀን፣ በኅቡዕ ይታገል የነበረው ኮሚኒስት ፓርቲ ባደረገው ጥሪ፣ የትራም ነጂው፣ የወደብና የመርከብ ግንባታ ሠራተኛው ሥራ አቆመ። አድማው ወደ አጎራባች ከተሞች ተዛመተ፤ ወራሪው በጥይት አፈነው።

ለዚህ ጀግንነት ሐውልት ቆሞለታል፤ ይገባዋልም። ይሁን እንጂ ከ1942 ጀምሮ አይሁዳውያኑን ሌሊት ሌሊት ወደ ባቡር ጣቢያ ያጓጓዘው ያው የከተማው ትራም እንደነበረ አብሮ ካልተጻፈ ታሪኩ ጎደሎ ይሆናል። ከሆላንድ ከ100 ሺህ በላይ አይሁዳውያን ተግዘው አብዛኞቹ ተገደሉ። ከ1944 እስከ 1945 በነበረው የረኀብ ክረምት ደግሞ ማገዶ ያጣው ነዋሪ የባዶዎቹን ቤቶች ደረጃና ወለል፣ በርና ምሰሶ እየነቀለ አነደደ።

ከጦርነቱ በኋላ ገበያው እንደገና ተተከለ። በ1960ዎቹ ጸጉሩን ያስረዘመው ወጣት ሰልባጅ ካፖርት ፍለጋ ጎረፈበት፤ ዛሬ ያለውን እንግዳ መልኩን ያገኘውም ያን ጊዜ ነው። በ1977 ለማዘጋጃ ቤቱና ለኦፔራው ግንባታ ሲባል ወደ ሌላ ጎዳና ተነሣ፤ በ1988 ተመለሰ።

እኔ የደረስኩት ቅዳሜ ቀን ነበር። ገበያው ጢም ብሎ ሞልቷል።