ድርቆሽና መስክ በዳሞት አገር

በቡሬና ቀድሞ ወጀት ትባል በነበረችው በፍኖተ ሰላም ዙሪያ፣ ከብት ለሚያረባው ገበሬ ጭንቁ የሣር ማነስ ብቻ አይደለም፤ የሣሩ ወራትና የፀሐዩ ወራት አለመገጣጠምም ነው። ዝናሙ ከግንቦት እስከ መስከረም፣ አንዳንድ ዓመትም እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ሣሩ ለከብት የሚስማማው ገና ሳያፈራ ለጋ ሳለ ነው፤ ያን ጊዜ ታጭዶ ቢሰጣ ግን በዝናም ይበሰብሳል። በኅዳር በደኅና ይደርቃል፤ ሆኖም ዘሩ ረግፎ አገዳው ጠንክሮ፣ ኀይሉ ካለቀ በኋላ ነው። በመካከሉ ያለውንም ጥቂት ጊዜ የጤፍ አረምና የአዝመራው አጨዳ ይሻሙታል።

ይህ አገር ለከብት መኖም ሆነ ለመንገደኛ ስንቅ አንድ ስም አለው። ደርቆ የተከመረው ሣር ድርቆሽ ነው፤ ደርቆ ለዘመቻና ለሩቅ መንገድ የሚያዘው እንጀራም ድርቆሽ ነው። ሁለቱም ክፉውን ወር መሻገሪያ ናቸው።

ድርቆሽ እንዲገኝ አስቀድሞ መስኩ መዘጋት አለበት። ክረምቱን ሙሉ ከብት የዋለበት መስክ ማጭድ የሚይዘው ሣር አይተርፈውም። ከብቱ ማገጡንና ሰርዶውን እየመረጠ ሲግጥ፣ የማይበላው አረም ያለ ተወዳዳሪ ይሰፋል። መጭ በመስከረም መስኩን ቢጫ ያለብሰዋል፤ በረግረጉ ዳር ደግሞ እሾሃሙ አመኬላ ይበቅላል። እንግዲህ የአረሙ ብዛት የመሬቱ ጠባይ ብቻ ሳይሆን፣ መስኩን የመዝጋት ሥልጣን በማን እጅ እንደ ነበረ የሚመሰክር ምልክት ነው።

በቀድሞው ሥርዓት የእርሻው መሬት በርስት ሲያዝ፣ ግጦሹ በአብዛኛው የወል ነበረ። ባለጉልቱ ለፈረሱና ለበቅሎው ሣር ታጭዶ እንዲቀርብለት የማዘዝ ልማድ ነበረው። ቡሬም ከዓባይ ማዶ ወደ ጎንደር የሚያልፉ ነጋዴዎች ገበያ ስለ ነበረች፣ አጋሰሶቻቸው የሚያድሩበት መስክ ያስፈልጋቸው ነበር። የመኖ ነገር ለጦርም ከባድ መሆኑ በ1933 ዓ.ም. ታይቷል፤ ቡሬ በየካቲት ከኢጣሊያ እጅ ስትወጣ፣ ከሱዳን ለዘመቻው የመጡት ግመሎች በድካም፣ በብርድና በማይስማማ መኖ ሺሕ በሺሕ አልቀዋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሆነ፤ የወሉ መስክም በገበሬ ማኅበር ሥር ዋለ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ ምዕራብ ጎጃምም ደርሶት ነበር። ሕዝቡ እየበዛ ሲሄድ ከመስኩ ብዙው ታርሷል። የቀረውን ሁሉም ይግጠዋል፤ ለመዝጋት ግን ከጎረቤቱ ቀድሞ ከብቱን የሚያስወጣ ሰው የለም፤ የተወውን ሌላው ይወስድበታልና።

በሌላው ዓለም የዝናቡን ችግር ያቃለለው፣ እርጥቡን መኖ አየር ከልክሎ ማስቀመጥ ነው። ፈረንሳዊው ኦጉስት ጎፋር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1877 ዓ.ም. ስለዚህ መጽሐፍ አሳተመ፤ ፊንላንዳዊው ቪርታነንም የመኖን አጠባበቅ አሻሽሎ በ1945 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በእኛ ዘንድ የግብርና ባለሙያዎች ይህን ገፈራ ይሉታል። ሣሩ ጥቂት ጠውልጎ ይከተፋል፤ በጉድጓድ እየተረገጠ ይሞላል፤ አየር እንዳያስገባ ይደፈናል። በውስጡ የሚፈጠረው ኮምጣጣነት መበስበስን ይከለክላል፤ የብዙ አረም ዘርም የመብቀል ኀይሉን ያጣል። በደረቀ ድርቆሽ ውስጥ ግን ዘሩ ሕያው ሆኖ ይቆይና በፍግ ወደ እርሻው ይመለሳል። ይሁን እንጂ መርዛም ተክል በገፈራም መርዙ ላይጠፋ ስለሚችል፣ ከአጨዳ በፊት መልቀም ግድ ነው።

ስለዚህ ገፈራ ከሁለቱ ችግሮች አንዱን ብቻ ይፈታል። የፀሐዩን አለመገጣጠም ያስቀራል፤ ሣሩ እስኪደርስ መስኩን ማን ይዝጋው የሚለውን ጥያቄ ግን ለሕዝቡ ይተወዋል። ጉድጓዱን አንድ ቤተሰብ በጥቂት ቀን ይቆፍረዋል፤ የወል መስክን መዝጋት ግን የመንደሩን ሁሉ ስምምነት ይፈልጋል። ይህ ስምምነት በጠፋበት ስፍራ ወደ ጉድጓዱ የሚገባው መጭና አመኬላ ይሆናል።