ማኒያን ያበረደች ጨው

እስቲ ዛሬ ስለ አንዲት ጨው እናውጋ። የወጥ ጨው አይደለችም፤ ሊቲየም ትባላለች።

እንጅባራ ወይም ዳንግላ ያደገ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም፦ አንድ ጎረምሳ ሳምንት ሙሉ ሳይተኛ ያወራል፣ ያለውን ገንዘብ ይበትናል፣ ንጉሥ ነኝ ይላል። «ለክፎት ነው» ተብሎ ጸበል ይወሰዳል። ሐኪሞች ይህን ማኒያ ይሉታል፤ ማኒያና ከባድ ድብርት ሲፈራረቁ ደግሞ ባይፖላር።

የጨዋ ታሪክ የሚጀምረው ከአውስትራሊያ ነው። ዶክተር ጆን ኬድ በጃፓኖች ተማርኮ ሦስት ዓመት ተኩል ሲንጋፖር ከታሰረ በኋላ፣ ሜልቦርን አጠገብ በሚገኝ ሆስፒታል አንዲት ባዶ ጓዳ ውስጥ ምርምር ጀመረ። ሊቲየም የወጋቸው ጊኒ ፒጎች ፀጥ ረጭ አሉ። ቀጥሎ ራሱ ቀመሳት። በመጋቢት 1948 (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው) አምስት ዓመት ሙሉ በማኒያ ለቆየ የ51 ዓመት ሰው ሰጠው። ሰውየው በወራት ውስጥ ወደ ሥራው ተመለሰ! ኬድ በ1949 የ10 የማኒያ ሕመምተኞችን ውጤት አሳተመ። ማነጻጸሪያ የሚሆን ቡድን እንኳ አልነበረውም፤ ዛሬ ቢሆን ማን ይፈቅድለት ነበር?

ብዙዎች ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሱታል። ያ የመጀመሪያው ሰው ግን በ1950 በዚችው ሊቲየም ተመርዞ ሞተ። አሜሪካም ውስጥ በገበታ ጨው ምትክ ተሽጣ ሰው በመግደሏ በ1949 ታግዳለች። በ1954 ዴንማርካዊው ሞገንስ ስኩ በ38 ሕመምተኞች ላይ ሞከራት፤ ለከፊሎቹ መድኃኒቱ ወይስ ባዶ ክኒን ይሰጥ የሚለው በዕጣ ተለየ። አሜሪካ ለማኒያ የፈቀደቻት በ1970 ነው።

«የፈረንጅ በሽታ ነው» የምትሉ ካላችሁ ቡታጅራን እዩ። ከ1998 ጀምሮ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም የተሳተፉበት ቡድን ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት አነጋግሮ ነበር። ባይፖላር ከ1,000 ወንዶች 6፣ ከ1,000 ሴቶች 3 ላይ ተገኘ። የሚጀምረውም ባብዛኛው በእኛ ዕድሜ፣ በሃያዎቹ መግቢያ ነው።

ሊቲየም የሚያድነው መጠኗና የሚመርዘው መጠኗ ጎረቤታሞች ናቸው። ስለዚህ የሚወስዳት ሰው በየጊዜው ደሙ፣ ኩላሊቱና ታይሮይዱ መመርመር አለበት፤ ላቦራቶሪ በራቀበት አገር ይህ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ሰውነት ውኃ ሲያጣ መጠኗ በደም ውስጥ ይጨምራል። ጸበል ጠጥቶ ሲያስመልሰው የሚውል ወይም ውኃ ሳይቀምስ የሚጾም ሕመምተኛ ይህን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር፤ ክኒኑንም በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ።