የቤት ሕጎችና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ዜጎች፦ ለአሰላ ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች የቀረበ መረጃ

የአርሲ ዞን ዋና ከተማ አሰላ በጭላሎ ተራራ ግርጌ የምትገኝ ስትሆን፣ የዩኒቨርሲቲ፣ የሆስፒታልና የብቅል ፋብሪካ መቀመጫ ናት። ለሥራ፣ ለትምህርትና ለሕክምና ወደ ከተማዋ የሚመጣው ሕዝብ የቤት ፍላጎትን ያሳድጋል። የፍላጎቱ ጫና በቅድሚያ የሚያርፈው በቀን ሠራተኞች፣ በጡረተኞችና በአነስተኛ ንግድ በሚተዳደሩ ቤተሰቦች ላይ ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 90 የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጎች መኖሪያ ቤት እንዲያገኙ ፖሊሲዎች ትኩረት እንዲሰጡ ይደነግጋል። ይህን ዓላማ ለማሳካት የሚያግዙ ዋና ዋና ሕጎች ከዚህ በታች ቀርበዋል።

የቀበሌ ቤቶች አመጣጥ

አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አድርጓል። ወርሃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩ ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ተላለፉ፤ በዛሬው አጠራርም የቀበሌ ቤት ይባላሉ። አዋጁ ለብዙ ድሃ ቤተሰቦች መጠለያ አስገኝቷል። በአንጻሩ ኪራዩ ለረጅም ጊዜ ባለበት በመቆየቱ ለጥገና የሚውል ገንዘብ ጠፍቶ በርካታ ቤቶች አርጅተዋል። ከዚህ የተገኘው ትምህርት ኪራይን ዝቅ ማድረግ ብቻውን በቂ አለመሆኑና አዳዲስ ቤቶች መገንባት እንዳለባቸው ነው።

የጋራ ሕንፃና የመሬት አቅርቦት

አዋጅ ቁጥር 370/1995 በአንድ ሕንፃ ውስጥ የሚገኝን ቤት በግል ይዞ፣ ደረጃውን፣ ጣሪያውንና ግቢውን የመሳሰሉትን በጋራ ለመጠቀም የሚያስችል የባለቤትነት ሥርዓት ዘርግቷል። አንድን ቦታ ለብዙ አባወራዎች ማካፈል የመሬቱን ድርሻ ስለሚቀንስ፣ በ1996 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ለተጀመረውና በኋላም ወደ ክልል ከተሞች ለተስፋፋው የኮንዶሚኒየም ግንባታ መሠረት ሆኗል።

የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ የወጣው አዋጅ ቁጥር 721/2004 ደግሞ መሬት በመደበኛነት በጨረታ እንዲተላለፍ ቢደነግግም፣ ለመንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራምና በመንግሥት ለሚፈቀዱ የራስ አገዝ ቤቶች በምደባ እንዲሰጥ ፈቅዷል። በማኅበር የሚደራጁ ነዋሪዎች ከባለሀብት ጋር በዋጋ ሳይፎካከሩ ቦታ የሚያገኙበት በር ይህ ነው። የመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ሲሆን፣ ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ከ10 በመቶ ያነሰ አይሆንም። በውሉ በተመለከተው ጊዜ ግንባታ ያልጀመረ ባለይዞታ ቦታውን ሊያጣ እንደሚችል አስቀድሞ መገንዘብ ያስፈልጋል።

የተከራይ ጥበቃ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ተፈጻሚ ይሆናል። በአዋጁ መሠረት፦

• የኪራይ ውል በጽሑፍ ይደረጋል፤ በ30 ቀናት ውስጥም በተቆጣጣሪው አካል ቀርቦ ይመዘገባል።
• የውል ዘመን ከሁለት ዓመት አያንስም።
• ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም።
• ኪራይ በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክ የክፍያ ዘዴ ይፈጸማል።
• የኪራይ ጭማሪ የሚደረገው ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው መሠረት ብቻ ነው።

በቃል ብቻ የተስማማ ተከራይ ድንገት ልቀቅ ቢባል መብቱን ለማስረዳት ይቸገራል። የተመዘገበ ውልና የባንክ ደረሰኝ ያለው ግን ማስረጃው በእጁ ነው። አከራዩም ያልተከፈለ ኪራይን ወይም በቤቱ ላይ የደረሰ ጉዳትን ለመጠየቅ የሚረዳው ይኸው ውል ነው።

ነዋሪዎች ማድረግ ያለባቸው

ተከራዮች አዋጁ በከተማቸው ተፈጻሚ መሆኑንና ውል የሚመዘገብበትን ጽሕፈት ቤት ከከተማው አስተዳደር ወይም ከሚኖሩበት ቀበሌ እንዲያረጋግጡ፣ የውላቸውን ቅጂና ደረሰኞቻቸውንም በጥንቃቄ እንዲይዙ ይመከራል። በማኅበር ተደራጅተው ለመገንባት የሚፈልጉ ደግሞ ገንዘብ ከማዋጣታቸው በፊት ማኅበሩ በሕግ መመዝገቡንና የቦታው ምደባ በጽሑፍ መፈቀዱን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል። ሕጉ የሰጠው መብት የሚጸናው በተሟላ ሰነድ ሲደገፍ ነው።