የሸንጎ ኀላፊነትና የመምህር ደመወዝ፤ የኬንያ የአካባቢ ሸንጎዎች የትምህርት ሥራ ታሪክ

የአካባቢ ሸንጎ ማለት በአንድ አውራጃ የሚኖር ሕዝብ በተወካዮቹ አማካይነት መንገዱን፣ ገበያውን፣ የጤና ጣቢያውንና ትምህርት ቤቱን የሚያስተዳድርበት ጉባዔ ነው። የእንዲህ ያለው ሸንጎ ጥንካሬ የሚታወቀው በአዳራሹ ስፋት ወይም በአባላቱ ብዛት ሳይሆን የተረከበውን ሥራ በጊዜው በመፈጸሙ ነው። ከሥራዎቹም ሁሉ ይልቅ ሸንጎን አጥብቆ የሚፈትነው የትምህርት ሥራ ነው። መንገድ ሳይጠገን አንድ ክረምት ሊያልፍ ይችላል፤ የድልድይም ሥራ ለከርሞ ሊባል ይችላል፤ የመምህር ደመወዝ ግን ወር በገባ ቁጥር የሚጠየቅ ዕዳ ነው።

የኢትዮጵያ ጎረቤት የሆነችው የኬንያ ታሪክ ይህን ነገር በግልጥ ያሳያል። በዚያች አገር የአካባቢ ሸንጎዎች የአንደኛ ደረጃን ትምህርት በታላቅ ጉጉት ተረክበው፣ ኮሚቴ አቋቁመውና መምህራን ቀጥረው ሲሠሩ ከቆዩ በኋላ፣ ነጻነት በተገኘ በሰባተኛው ዓመት መግቢያ አብዛኞቹ ሥልጣኑን ለማዕከላዊው መንግሥት አስረክበዋል። ይህ እንዴት እንደሆነ መመርመር ለመምህራንም ለትምህርት ሹማምንትም የሚጠቅም ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች፣ በስም ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሸንጎዎቹ አመሠራረት

የእንግሊዝ መንግሥት ኬንያን በሚገዛበት ዘመን አገሬውን ያስተዳድር የነበረው ራሱ በሾማቸው ሹሞች አማካይነት ነው። እነዚህ ሹሞች ግብር ከማስከፈልና ለመንገድ ሥራ ሰው ከማውጣት በቀር ከሕዝቡ ጋራ የሚመክሩበት ጉባዔ አልነበራቸውም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ወጣቶቹ፣ ይልቁንም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ፊደል የቈጠሩት፣ ማኅበር አቋቁመው ስለ መሬት፣ ስለ ግብርና ስለ ሥራ አቤቱታ ማቅረብ ጀመሩ። መንግሥቱም ይህ አቤቱታ በገዥዎቹ ዐይን ሥር የሚሰማበት ቦታ እንዲኖር በማሰብ በ1924 በወጣ ሕግ የአገሬው ተወላጆች የአካባቢ ሸንጎ የሚባለውን አቋቋመ።

ሊቀ መንበሩ እንግሊዛዊው የአውራጃ ገዥ ነበር። ከአባላቱ ከፊሉ የተሾሙ፣ ከፊሉም በሕዝብ የተመረጡ ነበሩ። ሸንጎው በአካባቢው መዋጮ የመጣልና ደንብ የማውጣት ሥልጣን ቢኖረውም፣ ውሳኔው ያለ በላይ ባለ ሥልጣን ፈቃድ አይጸናም ነበር። ይህን ያየ ሰው ሸንጎው ለስም ያህል የቆመ ነው ቢል አይፈረድበትም።

ይሁን እንጂ ሕዝቡ ይህችን ጠባብ በር ወደ ትምህርት መግቢያ አደረጋት። በዚያ ዘመን በኬንያ የአፍሪካውያን ትምህርት ቤቶች አብዛኞቹ በሚሲዮኖች እጅ ነበሩ። ትምህርቱም በብዙ ስፍራ ከንባብ፣ ከጽሕፈትና ከእጅ ሥራ እምብዛም የማያልፍ ስለ ነበር፣ ወላጆቹ ከዚህ ከፍ ያለ ትምህርት የሚሰጥና ከሚሲዮን አስተዳደር ነጻ የሆነ ትምህርት ቤት ይሹ ነበር። ስለዚህ በኪኩዩ አውራጃዎች፣ በኪያምቡ፣ በፎርት ሆልና በኒየሪ፣ እንዲሁም በምዕራብ በሰሜን ካቪሮንዶ የነበሩት ሸንጎዎች ለመንግሥት ከሚከፈለው የጎጆ ግብር በላይ መዋጮ እየጣሉ ለትምህርት ቤት ገንዘብ መደቡ። መንግሥቱ ነገሩን ለጥቂት ዓመታት ካዘገየ በኋላ በ1930ዎቹ መጀመሪያ በካካሜጋና በኒየሪ አጠገብ በካጉሞ የመንግሥት የአፍሪካውያን ትምህርት ቤቶች ተከፈቱ። ሕዝቡ የሚሻውን ያህል ባይሆኑም፣ የሸንጎ መዋጮ ወደ ድንጋይና ወደ ጣራ ሊለወጥ እንደሚችል አስመስክረዋል።

በዚያው ዘመን በኪኩዩ አገር፣ በልማድና በሃይማኖት ጉዳይ በ1929 ከሚሲዮኖች ጋራ ከተነሣው ብርቱ ጠብ የተነሣ፣ ወላጆች የራሳቸውን ነጻ ትምህርት ቤቶች ማቋቋም ጀመሩ። መምህራን ያስፈልጓቸው ስለ ነበር በ1939 በጊትሁንጉሪ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ተከፈተ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች በ1952 በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ምክንያት ተዘጉ። ሸንጎው በሕግ የቆመ፣ ነጻው ትምህርት ቤት ደግሞ በሕዝብ ፈቃድ የቆመ ሆኖ ሁለቱም የተነሡት ከአንድ ምኞት ነው፤ ይኸውም ወላጅ የልጁን ትምህርት ራሱ ለመምራት ያለው ምኞት ነው።

የኮሚቴዎች ሥርዓት

መንግሥቱ በ1934 የአውራጃ የትምህርት ቦርድ የሚባለውን አቋቋመ። በቦርዱ የመንግሥት ሹማምንት፣ የሚሲዮኖችና የሸንጎው ተወካዮች በአንድነት ይቀመጡ ነበር። በ1950 ደግሞ የአፍሪካውያን የአውራጃ ሸንጎዎች ሕግ ወጥቶ፣ ሸንጎዎቹ በስማቸው ንብረት የሚይዙ፣ የሚከሱና የሚከሰሱ የሕግ ሰውነት ያላቸው ተቋሞች ሆኑ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም አፍሪካውያን የሊቀ መንበርነቱን ቦታ ይዘው መምራት ጀመሩ።

የሸንጎው ሥራ በበዛ መጠን የአሠራሩ ሥርዓት ከእንግሊዝ አገር የአካባቢ መንግሥት እየተቀዳ መጣ። የዚህን ሥርዓት ዋና ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ አባላት ያሉት ጉባዔ እያንዳንዱን ጉዳይ ከሥሩ ለመመርመር አይችልም። ስለዚህ አባላቱ በኮሚቴ ይከፈላሉ፤ አንዱ የገንዘብን፣ አንዱ የትምህርትን፣ አንዱ የጤናን፣ አንዱም የመንገድና የሕንፃን ጉዳይ ይመለከታል። ኮሚቴው ጉዳዩን መርምሮ የውሳኔ ሐሳብ ለሙሉ ሸንጎው ያቀርባል። ሸንጎው ያጸድቃል፣ ያሻሽላል፣ ወይም ወደ ኮሚቴው ይመልሳል። ከአባላቱ ጎን ደግሞ ሁለት ቋሚ ሠራተኞች አሉ። ዋናው ጸሓፊ ቃለ ጉባዔ ይይዛል፣ ውሳኔም ወደ ሥራ እንዲገባ ያደርጋል። ገንዘብ ያዡ ሒሳብ ይጠብቃል፤ ያለ በጀትና ያለ ትእዛዝም ገንዘብ አያወጣም።

በዚህ ሥርዓት ሁለት ጥበቃዎች ነበሩ። መጀመሪያው፣ በ1933 የወጣው የእንግሊዝ የአካባቢ መንግሥት ሕግ እንደ ደነገገው፣ ሸንጎ ሌላውን ሥልጣኑን ለኮሚቴ ሊያስተላልፍ ሲችል ግብር የመጣልንና ገንዘብ የመበደርን ሥልጣን ግን ለኮሚቴ ለማስተላለፍ አይችልም ነበር። የሕዝብን ኪስ የሚነካ ውሳኔ በሁሉ ፊት መወሰን አለበትና። ሁለተኛው፣ በ1944 በወጣው የእንግሊዝ የትምህርት ሕግ መሠረት፣ ትምህርትን የሚያስተዳድር ሸንጎ የትምህርት ኮሚቴ ማቋቋም ግዴታው ነበር። ከኮሚቴው አባላት የሚበዙት የሸንጎው ሰዎች ቢሆኑም፣ የትምህርትን ሥራ በልምድ የሚያውቁ ሰዎችም በውስጡ እንዲገኙ ያስፈልግ ነበር። እንግዲህ ሕጉ ሥልጣንን ለተመራጩ ሲሰጥ ዕውቀት ያለውንም ሰው ከጎኑ አስቀምጦለት ነበር።

ኮሚቴ ግን ሥራን ያከፋፍላል እንጂ ገንዘብን አይወልድም። የትምህርት ኮሚቴው ዐሥር ክፍል እንዲከፈት ቢያሳስብና የገንዘብ ኮሚቴው ለዐሥር መምህራን ደመወዝ ከየት እንደሚመጣ ሳይመልስ ሸንጎው ቢያጸድቅ፣ ቃለ ጉባዔው ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ዐሥሩ መምህራን ግን በወሩ መጨረሻ ባዶ እጃቸውን ይቆማሉ። በኬንያ የደረሰው ችግር ይህን የሚመስል ነበር።

ከነጻነት በኋላ የደረሰው ችግር

ኬንያ ታኅሣሥ 12 ቀን 1963 ነጻ ወጣች። በዚያው ዓመት በወጣው የአካባቢ መንግሥት ደንብ የቀድሞዎቹ የአውራጃ ሸንጎዎች በካውንቲ ምክር ቤቶች ተተክተው፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት፣ የጤና አገልግሎትና የአካባቢ መንገድ በኀላፊነታቸው ሥር ተደረጉ። ሦስቱም ብዙ ወጪ የሚጠይቁ፣ ከዓመት ወደ ዓመትም እያደጉ የሚሄዱ ሥራዎች ናቸው።

ገቢያቸው ግን እንዲሁ አላደገም። ዋናው ገቢ በሰው ገቢ መጠን እየተመደበ የሚከፈለው የነፍስ ወከፍ ግብር ነበር። ይህም በገጠር ለመሰብሰብ የሚያስቸግር ነበር። ከዚያ የተረፈው የትምህርት ቤት ክፍያና ማዕከላዊው መንግሥት የሚሰጠው ድጎማ ነው። የነጻነት ተስፋ ልጆችን በብዛት ወደ ትምህርት ቤት ያመጣ ስለ ነበር፣ የመምህራኑ ቍጥርና የደመወዙ ወጪ በፍጥነት ጨመረ። ተመራጩም ግብር ያልከፈለውን ወይም የልጁን የትምህርት ክፍያ ያዘገየውን ሰው አጥብቆ ለመጠየቅ ይከብደው ነበር፤ ያ ሰው በሚመጣው ምርጫ ድምፅ ሰጪው ነውና። ስለዚህ በ1960ዎቹ አጋማሽ ብዙ የካውንቲ ምክር ቤቶች የመምህራንን ደመወዝ በጊዜው ለመክፈል አቃታቸው። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው፣ ሥልጣኑ በወረቀት ላይ ሙሉ ሲሆን ፍሬው ለመምህሩ አልደርስ አለ።

መምህራኑ ታኅሣሥ 1957 የተቋቋመ ብሔራዊ ማኅበር ነበራቸው። በዚያን ጊዜ አንዱን መምህር ሚሲዮን፣ ሌላውን የካውንቲ ምክር ቤት፣ ሌላውን የከተማ ምክር ቤት፣ ሌላውንም መንግሥት ይቀጥረው ስለ ነበር፣ እኩል ትምህርትና እኩል ሥራ ያላቸው ሁለት መምህራን የቅጥር ሁኔታቸው የተለያየ ነበር። ስለዚህ ማኅበሩ፣ ሥራ በማቆም ጭምር፣ አንድ ቀጣሪና አንድ የአገልግሎት ሥርዓት እንዲኖር አጥብቆ ጠየቀ። በ1967 የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽን ተቋቁሞ መምህራኑ በአንድ ቀጣሪ ሥር እንዲተዳደሩ ተደረገ።

ከዚህም በኋላ በ1969 የወጣው ሥራን የማዛወር ሕግ፣ ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ፣ የአንደኛ ደረጃን ትምህርት፣ ጤናንና መንገድን ከካውንቲ ምክር ቤቶች ወስዶ ለማዕከላዊው መንግሥት ሰጠ። የነፍስ ወከፉ ግብርም አብሮ ሄደ። ሥራዎቹ በእጃቸው የቀሩላቸው እንደ ናይሮቢ፣ ሞምባሳ፣ ኪሱሙና ናኩሩ ያሉ፣ ከቤትና ከቦታ የሚሰበሰብ የተሻለ ገቢ የነበራቸው ሰባት የከተማ ምክር ቤቶች ብቻ ናቸው።

የተገኘውና የጠፋው

ፍርድ ሚዛናዊ መሆን ስለሚገባው ሁለቱንም ወገን መመልከት ያስፈልጋል። በአንድ ወገን መምህሩ ተጠቅሟል። ድኻ አውራጃ ውስጥ የሚያስተምረውም በሀብታም አውራጃ እንደሚያስተምረው በአንድ ደረጃ መመደብ ጀመረ። በ1974 ለመጀመሪያዎቹ አራት ክፍሎች የትምህርት ክፍያ ሲቀር ውሳኔው በአገሪቱ ሁሉ የተፈጸመው ሥራው በአንድ እጅ ስለ ነበረ ነው።

በሌላው ወገን፣ በ1920ዎቹ ገንዘቡን አዋጥቶ ትምህርት ቤት ይሠራልኝ ያለው ሕዝብ ጉዳዩን በቅርብ የሚጠይቅበትን ጉባዔ አጣ። የግድግዳ መሰንጠቅና የመምህር መጉደል እንኳ ሩቅ ወዳለ መሥሪያ ቤት የሚጻፍበት ጉዳይ ሆነ። የሕዝቡ ፈቃድ ግን አልሞተም። በነጻነት ማግሥት «ሐራምቤ» በተባለው የመረዳዳት ጥሪ መንደሮች ገንዘብና ጉልበት እያዋጡ ብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሠርተዋል። ይህም የሸንጎዎቹ ውድቀት የሕዝቡ ስንፍና እንዳልነበረ የሚያስረዳ ነው።

ኬንያ በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት 47 የካውንቲ መንግሥታትን አቋቁማ በ2013 ምርጫ አድርጋለች። በዚህም ጊዜ የቀድሞው ታሪክ አልተረሳም። ለካውንቲዎቹ የተሰጠው የቅድመ አንደኛ ደረጃ ትምህርትና የመንደር የሙያ ማሠልጠኛ ሲሆን፣ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በብሔራዊው መንግሥት እጅ ቀርቷል። የመምህራን አገልግሎት ኮሚሽንም በሕገ መንግሥቱ ተጠቅሷል። ከዚህም ጋራ ከብሔራዊው ገቢ በየዓመቱ ከመቶ ዐሥራ አምስት የማያንስ ለካውንቲዎች እንዲሰጥ ተደንግጓል። በ1963 ሥራው ተሰጥቶ ገንዘቡ በተስፋ የቀረ ሲሆን፣ በ2010 ሥራውና የገንዘቡ ድርሻ በአንድ ሕግ ተጽፈዋል።

ከታሪኩ የሚገኝ ትምህርት

ይህ ጉዳይ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። በ1940 ዓ.ም. እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር በወጣው ዐዋጅ ቍጥር 94 በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጥሎ፣ ገንዘቡ በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ታስቦ ነበር። የአካባቢ የትምህርት ቦርዶችም ተቋቁመው ነበር። የዚህ አሳብ ብልሃት ግብሩን ከነስሙና ከነቦታው ከትምህርት ጋራ ማሰሩ ነው። ገበሬው ለምን እንደሚከፍል ያውቃል፤ ቦርዱም ለምን እንደሚጠየቅ ያውቃል።

እንግዲህ የኬንያ ሸንጎዎች ታሪክ የሚያስተምረው፣ ኀላፊነት ሙሉ የሚሆነው ውሳኔው፣ ገንዘቡና ተጠያቂነቱ በአንድ ስፍራ ሲገናኙ መሆኑን ነው። ውሳኔው በአንዱ፣ ገንዘቡ በሌላው እጅ ከሆነ ሁለቱ ሲካሰሱ የሚጐዳው መምህሩ ነው፤ ከመምህሩም ጋራ ተማሪው ይጐዳል። ስለዚህ በማናቸውም አገር አንድ ሸንጎ የትምህርትን ሥራ ልረከብ ሲል፣ መምህራንና የትምህርት ሹማምንት ኮሚቴው እነማንን እንደያዘ፣ ከመካከላቸውም ማስተማርን የሚያውቅ መኖሩን፣ የገንዘብ ኮሚቴው የዓመቱን ደመወዝ ከየትኛው ገቢ እንደ መደበ፣ ያ ገቢ ቢጐድልም ማን እንደሚተካው አስቀድመው መጠየቅ ይገባቸዋል። ይህ ጥያቄ በጊዜው ቢቀርብ ለሸንጎው ውርደት አይሆንበትም፤ የተሰጠውን አደራ በእጁ አጽንቶ እንዲይዝ ይረዳዋል።